የውጭ አገር ሴሚስተር እንዳይባክን

ጥያቄ፦ ትውልዴ ብቸና ሲሆን፣ ባሕር ዳር የምማር የአራተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ኢራስመስ ፕላስ በተባለው የአውሮፓ ኅብረት የተማሪዎች ልውውጥ ወደ ጀርመን ሄጄ አንድ ሴሚስተር እንድማር ወይም በዚያው ጊዜ የሥራ ልምምድ እንዳደርግ ዕድል አግኝቻለሁ። ጓደኞቼ «ዓመት ይቃጠልብሃል» ይሉኛል፤ ወላጆቼም ትምህርቴን ሳልጨርስ መሄዴ አላማራቸውም። የትኛው ይሻለኛል? ከመነሳቴ በፊትስ ምን ላሟላ?

መልስ፦ የጓደኞችዎ ሥጋት መሠረት አለው። ዓመት የሚቃጠልበት ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውጭ የተማረው በአገር ቤት እንደሚያዝለት በጽሑፍ ሳያስጨርስ የተነሳ ነው። በኢራስመስ ልውውጥ ይህን የሚወስነው የትምህርት ስምምነት የሚባለው ሰነድ ሲሆን፣ ተማሪው፣ ላኪው ዩኒቨርሲቲና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ከጉዞው በፊት ይፈርሙበታል። እዚያ የሚወስዷቸውና እዚህ የሚተኩልዎት ኮርሶች ከነክሬዲታቸው ይሰፍሩበታል፤ የአንድ ሙሉ ሴሚስተር ሸክም 30 የአውሮፓ ክሬዲት ነው። የትምህርት ክፍል ኃላፊው «ስትመለስ እናየዋለን» ቢሉዎት በቅንነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ኃላፊ ይቀያየራል፣ ሬጅስትራር የሚቀበለውም ፊርማና ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ነው። በልውውጥ የሚሄድ ተማሪ የላኪው ዩኒቨርሲቲ ተማሪነቱ ስለማይቋረጥና ለተቀባዩ የትምህርት ክፍያ ስለማይከፍል፣ ማንም ቢመክርዎት የመልቀቂያ ቅጽ ሞልተው እንዳይሄዱ።

ብዙዎች የሚዘነጉት የውጤት አያያዝን ነው። በእኛ አገር 4.0 ከፍተኛው ነጥብ ሲሆን፣ በጀርመን ከፍተኛው 1.0 ነው፤ 4.0 ለጥቂት ማለፍ፣ 5.0 ደግሞ መውደቅ ነው። እዚያ 1.3 ያመጣ ጎበዝ ተማሪ፣ ውጤቱ በአገር ቤት ልማድ ከተነበበ ማስጠንቀቂያ የሚገባው ይመስላል። ስለዚህ ነጥቡ ወደ ፊደል እንዴት እንደሚቀየር፣ ወይም በማለፍና በመውደቅ ብቻ ተይዞ ከአማካይ ውጤትዎ ጋር የማይደመር ስለመሆኑ አስቀድመው በደብዳቤ ያስወስኑ።

ከሁለቱ እኔ የሥራ ልምምዱን እመርጥልዎታለሁ። በምህንድስና ሥርዓተ ትምህርት ኢንተርንሺፕ የራሱ ጊዜና ክሬዲት ስላለው፣ ክፍልዎ ለልምምድ በሚወጣበት ሴሚስተር እርስዎ ጀርመን ቢሆኑ የሚያመልጥዎት ኮርስ አይኖርም። ለትምህርት ከሄዱ ግን እያንዳንዱን ኮርስ ከአቻው ጋር ማዛመድ ግድ ይሆናል፤ አንዱ አቻ ቢያጣና ያም ኮርስ እዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ቢሆን፣ ጓደኞችዎ ያሉት ደረሰ ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የመውጫ ፈተና የሚያካትታቸውን ኮርሶችማ እዚሁ ቢወስዷቸው ይሻላል። የልምምዱ ስምምነት ከ2 ወር የማያንሰውን ቆይታ፣ የሚሠሩትን ሥራ፣ የሳምንቱን የሥራ ሰዓት፣ የሚቆጣጠርዎትን ሰውና የአደጋ መድንዎን ለይቶ መግለጽ አለበት። አማካሪ መምህርዎ እዚህ ፋብሪካ ድረስ መጥተው እንደሚያዩት ጀርመን ሊመጡ ስለማይችሉ፣ ሪፖርትዎን በየስንት ጊዜው እንደሚቀበሉ ከወዲሁ ይነጋገሩ።

ሰነድ ሲያዘጋጁ ከስምና ከልደት ቀን ይጀምሩ። ጥር 14 ቀን 1995 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ልደቱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 2003 ነው፤ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ በችኮላ 7 ብቻ ተደምሮ 2002 ከተጻፈ፣ ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም። የአባትና የአያት ስም በላቲን ፊደል አንዱ ሰነድ ላይ በአንድ መንገድ፣ ሌላው ላይ በሌላ መንገድ ተጽፎ ሲገኝም ጣጣው ያው ነው። ከ90 ቀን በላይ ለመቆየት የጀርመን ብሔራዊ ቪዛ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በራሱ ወጪ የሚማር ሰው ለዓመት 11,904 ዩሮ፣ ማለትም በወር 992 ዩሮ፣ በዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነው ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ማሳየት ይጠበቅበታል፤ እርስዎ የአበል ደብዳቤዎን ያቀርባሉ፣ አበሉ ከዚህ ካነሰ ግን ልዩነቱን በምን እንደሚሸፍኑ ሊጠየቁ ይችላሉ። ለማመልከት በአካል አዲስ አበባ መገኘት ስለሚያስፈልግ፣ መንገድ በሚዘጋበትና ኢንተርኔት በሚቋረጥበት በዚህ ጊዜ በቀጠሮው ዋዜማ የዓባይን በረሃ ተሻግሬ እደርሳለሁ ብለው አይተማመኑ።

ወላጆችዎን በተመለከተ፣ የተፈረመውን ስምምነት ይዘው ብቸና ድረስ ቢሄዱና በየትኛው ወር ተመልሰው፣ መቼ እንደሚመረቁ ቢያስረዷቸው ከስልክ ምልልስ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም ነው የምጽፈው። ልጄ ዘንድሮ ትመረቃለች። አማካሪ ነኝ የሚል ሰው የኢራስመስ ሙንዱስ የማስተርስ ስኮላርሺፕ አስገኝላታለሁ በማለት ቅድሚያ ገንዘብ ጠየቀኝ። ልክፈለው?

መልስ፦ አይክፈሉ፣ አባታችን። ማመልከቻውን የምታቀርበው ልጅዎ ራሷ፣ በቀጥታ ለመረጠችው የማስተርስ ፕሮግራም ነው፤ በመካከል ደላላ የሚገባበት ቦታ የለም። በመጨረሻው ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ዲግሪው እጁ ሳይገባም ማመልከት ይችላል። የብዙዎቹ ፕሮግራሞች የማመልከቻ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ያለፈ ሰው በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይታሰብለታል። ያዘጋጁት ገንዘብ ካለ ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናና ለሰነድ ማረጋገጫ ያውሉላት።