የአቃቂ ውሃ የጠጣ ቆስጣ ኦርጋኒክ ይባላል?

ጥያቄ፦ አቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት የምናለማ ጎረቤታሞች ነን። ዩሪያም ሆነ የተባይ መድኃኒት አንነካም፤ የምንጠቀመው ኮምፖስት ብቻ ነው። እሁድ እሁድ የራሳችንን የኦርጋኒክ ገበያ ልንከፍት አስበናል። በበጋ የምናጠጣው ከወንዙ በሞተር ስበን ነው። ገዢ ማረጋገጫ ቢጠይቀን ምን እናሳይ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ወረቀቱ ይቆየንና መጀመሪያ ስለ ሞተሩ እናውራ። ትንሹም ትልቁም አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚወርዱት የአዲስ አበባን ፍሳሽ ይዘው ነው፤ የፋብሪካውም የጋራዡም የመጸዳጃውም አለበት። በዚህ ውሃ በለሙ አትክልቶች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም የተባሉ ጤና የሚጎዱ ብረቶች በተደጋጋሚ ተገኝተዋል። ጀርሙን እጥበትና እሳት ይቀንሱታል፤ በሥር ገብቶ ቅጠል ውስጥ የተቀመጠን ብረት ግን ማንም አጥቦ አያወጣውም። ሰላጣና ቆስጣ ደግሞ ከቲማቲም ይልቅ ይህን ብረት በሚበላው ክፍላቸው ያጠራቅማሉ። ኮምፖስታችሁ በደንብ የበሰለ ከሆነ ተክሉ የሚስበውን ሊያሳንስ ይችላል፤ አያጠፋውም። ስለዚህ በዚህ ውሃ የበቀለን ቅጠል ኦርጋኒክ ብላችሁ እንድትሸጡ አልመክርም። ሰው ለልጁ የሚገዛው ስሙን አምኖ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ዋናው ገበያችሁና መጥፎው ውሃ አንድ ላይ መምጣታቸው ነው። የሁዳዴ 55 ቀን ጎመንና ካሮት በሚፈለግበት ጊዜ ወንዙ ቀጥኖ ፍሳሹ ይወፍራል።

የጣራ ውሃ ይረዳል፤ ግን አትመኩበት። በአዲስ አበባ ዙሪያ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ከ50 ካሬ ቆርቆሮ የሚባክነው ተቀንሶ 40,000 ሊትር ያህል ይገኛል። ችግሩ ማጠራቀሚያው ነው። 100 ካሬ መደብ በደረቅ ወቅት በቀን እስከ 500 ሊትር ይጠጣል፤ 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሞልታችሁ ብትጀምሩ በ20 ቀን ያልቃል። ስለዚህ ለችግኝና ለትንሽ የሰላጣ መደብ ብቻ አስቡት። ለቀሪው በጋራ ጉድጓድ ማስቆፈር ይሻላል፤ እሱም ከወንዙ ራቅ ያለ ይሁን፣ ውሃውም ሳይመረመር አትክልት አይንካ፤ ወንዙን የተጠጋ ጉድጓድ ፍሳሹን በስርገት ሊቀበል ይችላልና። የወንዙን ውሃ መተው ካልቻላችሁ ለአበባና ለዛፍ ችግኝ አውሉት።

አፈሩም አለ። ለዓመታት ወንዙን የጠጣ መሬት በንጹሕ ውሃ ስለተተካ ወዲያው አይነጻም፤ በክረምት ዝናብ ብቻ ብታለሙበት እንኳ ብረቱ እዚያው ነው። ናሙና ስትሰጡ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ይለካልን በሉ። የተለመደው የአፈር ምርመራ ኮምጣጣነትንና ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስ የመሳሰሉትን ነው የሚያሳየው፤ እሱን ይዞ "መሬቴ ንጹሕ ነው" ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሀገራችን የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 አላት። የውጭ ሰርተፊኬት በብዛት የሚሠራው ወደ ውጭ ለሚላክ ቡናና ሰሊጥ ነው፤ ክፍያው ለሰፈር ቆስጣ አይመጥንም። ለእናንተ የሚቀለው በሌሎች ሀገሮችም ትናንሽ ገበሬዎች የሚሠሩበት የእርስ በርስ ማረጋገጫ ነው፦ ደንቡን አብራችሁ ጻፉ፣ ቀኑን ቀድማችሁ ሳታሳውቁ አንዳችሁ የሌላችሁን ማሳ ጎብኙ፣ የዘራችሁትን፣ ያጠጣችሁበትን ውሃና ኮምፖስት የጨመራችሁበትን ቀን በደብተር መዝግቡ። ሁለት ሦስት ደንበኞችም ከጉብኝቱ ይግቡ፤ እኔ ከማኅተም ይልቅ እነሱ ለጎረቤታቸው የሚያወሩትን አምናለሁ። ደንብ ያፈረሰ ለስንት ጊዜ ከገበያው እንደሚወጣ ሳትጣሉ በፊት ወስኑ።

እስከዚያው ከንጹሕ መደብ የመጣውን ለይታችሁ "ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያ፣ ያለ ተባይ መድኃኒት፣ በጉድጓድ ውሃ" ብላችሁ ጻፉበት። ወደ ገበያ ስትወጡ ካሮቱን ወንዝ ዳር የማጠብ ልማድ ካለም ዛሬውኑ ይቁም። የምርመራው ውጤት ሲደርሳችሁ ቁጥሮቹን ላኩልኝ፤ የትኛው መደብ ለቅጠል፣ የትኛው ለችግኝ እንደሚሆን አብረን እንለያለን።