መልስ፦ በእርሻ ኮሌጁ ግቢ ያለው ሕንፃ ስለምን በሦስት ስም ይጠራል?

በሰነዶችዎ ውስጥ ሕንፃው «አዋሳ እርሻ ኮሌጅ»፣ «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» እና «ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ» እየተባለ መጠቀሱ ሦስት ሕንፃዎች ነበሩ ማለት አይደለም፤ የተለወጠው የተቋሙ ስም ነው። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1976 ተመሠረተ፤ በ2000 ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና ከዲላ የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የዛሬው ስም የመጣው በ2006 ነው።

ሕንፃው በየዘመኑ ለምን እንዳገለገለ ለመለየት፦

1. የመዝገብ ቤቱን ማኅደሮች በሦስቱም ስሞች ይፈልጉ።

2. የግንባታውን ዘመን ከፕላኑና ከርክክብ ሰነዱ ይውሰዱ፤ በር ላይ ያለው ሰሌዳ ከሕንፃው በኋላ የተሰቀለ ሊሆን ይችላል።

3. የቆዩ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ድልድሎችን ከንብረት መዝገብ ጋር ያመሳክሩ። ግድግዳውንም ይመልከቱ፤ ቤተ ሙከራ የነበረ ክፍል ወደ ቢሮ ሲለወጥ የውሃ መስመሩ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ስለሚቀር፣ ይህ የቃል ምስክርነትን ለማመሳከር የሚረዳ ማስረጃ ነው።

ከልምዴ የማሳስብዎ የዘመን አቆጣጠሩን ነው። የአማርኛ ደብዳቤዎች በኢትዮጵያ፣ የእንግሊዝኛ ሪፖርቶች ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚጻፉ፣ ውህደቱን አንዱ በ1992 ሌላው በ2000 ቢያደርገው ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ እያንዳንዱን ዓመት ሲገለብጡ አቆጣጠሩን አጠገቡ ይጻፉ።