ግንበኛው ቀብድ ይዞ ጠፋ! ስለ ቤት እድሳት የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ጭቃ በማቀበል ጀምሬ ለሳኝ ሆንኩ፣ አሁን ፎርማን ነኝ። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ጎጃም ሁሉ ቤቱን ማደስ ይጀምራል፤ የእኔም ስልክ አያርፍም። «ቤት ስታድሱ ያናደዳችሁን ሁሉ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። እንደ አመጣጡ እነሆ። አስቀድሜ ልናገር፤ የሙያው ሰው ስለሆንኩ አንዳንዴ ለሠራተኛው ላደላ እችላለሁ።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ግንበኛው 30 ሺህ ብር ቀብድ ወስዶ ሦስት ቀን ሠርቶ ጠፋ። ስደውል «ነገ ጠዋት» ይለኝ ነበር፤ አሁን ስልኩም ዝግ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። ሌባ ነው ብለህም አትቸኩል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ሰውዬው ሦስት ቤት በአንዴ ይይዛል፣ በአንተ ቀብድ የፊተኛውን ቤት ሠራተኞች ይከፍላል፣ የአንተን ሥራ ደግሞ የሌላ ሰው ቀብድ እስኪመጣ ያቆመዋል። መጀመሪያ ያገናኘህን ሰው ይዘህ ሽማግሌ ላክበት። በእኛ አገር ሽማግሌ ከፍርድ ቤት ይፈጥናል። እንቢ ካለ ምስክር የፈረመበት ውል ካለህ ክሰስ፤ ብሩን በባንክ አስገብተህለት ከሆነም ደረሰኙን እንዳትጥል። ሌላ ሰው ከማስገባትህ በፊት የተሠራውን ፎቶ አንሳ፣ በሜትር ለካ። ከእንግዲህ ሲሚንቶና አሸዋውን ራስህ ግዛ፤ የእጅ ዋጋውን ግንቡ ሲያልቅ፣ ልስኑ ሲያልቅ እያልክ ክፈል። ቀብድ ከአንድ ሳምንት የሠራተኛ ቀለብ ከበለጠ ለእኔ በዝቷል።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ የአባቴን ጭቃ ቤት በሲሚንቶ አስለሰንኩት። በሁለት ወሩ እየተቀረፈ ወረደ። ለሳኙ «ሲሚንቶው ነው የተበላሸው» ይላል።

መልስ፦ ሲሚንቶው ምን አደረገ! የጭቃና የሲሚንቶ ጠባይ አይገጥምም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ውስጡ ያለው ባሕር ዛፍም አብሮት ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶ ግን ከደረቀ በኋላ ንቅንቅ አይልም። አንዱ ሲሄድ አንዱ ይቀራል፣ መሃላቸው ይለቃል። እስቲ ገና ያልወደቀውን በጣትህ አንኳኳው። ባዶ ቅል የመታህ ያህል ከጮኸ ለቋል ማለት ነው፤ ሰው ላይ ሳይወድቅ አራግፈው።

ከዚያ ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው የአባትህ ነው፦ አፈርና የጤፍ ጭድ በእግር ተረግጦ፣ ለቀናት ቦክቶ፣ መጀመሪያ ወፍራም ምርጊት፤ እሱ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ቀጭን ምርጊት። ሁለተኛው፣ ሲሚንቶ ካማረህ፣ የሽቦ መረብ ነው። ምስማሩ ጭቃው ላይ ሳይሆን እንጨቱ ላይ መመታት አለበት። እዚህ ላይ ነው ለሳኞቻችን የሚሰንፉት፤ እንጨቱን ፈልጎ መምታት ጊዜ ይወስዳላ። ግድግዳውም ጭው ብሎ ይድረቅ፤ ከጥር በፊት እንዳታስነካው። ደግሞ የጣሪያህን ክፈፍ አስረዝመው። ዝናቡ መሬት መትቶ የግድግዳውን እግር የሚረጨው ከሆነ የትኛውም ልስን አይቆይልህም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሁሉም «ባለሙያ ነኝ» ይላል። በምን ልወቅ? የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ወረቀት ይበቃል?

መልስ፦ ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ ካለው ጠይቀው። እኔ ግን መጀመሪያ ቦርሳውን ነው የማየው። ውሃ ልክና ቱምቢ (ግድግዳ ቀጥ ማለቱ የሚታይበት ባለ ክር ክብደት) የሌለው ለሳኝ ካጋጠመህ ሻይ ጋብዘህ ሸኘው። ቀጥሎ ከጓሮ በኩል አንድ ካሬ አስለስነው። ብሎኬቱን ሳያርስ ከጀመረ አይሆንህም፤ ደረቅ ብሎኬት የልስኑን ውሃ ይመጠውና ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይቀራል።

የራሴን ጉድ ልንገርህ። ስምንት ወር ጭቃ ሳቀብል ቆየሁ። አንድ ቀን አለቃዬ ሠርግ ሄደና የልስን ማንኪያውን ለእኔ ሰጠኝ። የአንዲት እናት ሳሎን ሙሉውን ለሰንኩ፤ በዓይን ሲታይ እንደ መስታወት ነው። ማታ ቁም ሳጥኑን ሲያስጠጉት ከታች ገጥሞ ከላይ ሦስት ጣት ክፍተት ቀረ። እማማ ቁም ሳጥኑ የተጣመመ መስሏቸው አናጢ አስጠሩ። እኔ ዝም አልኩ። አብዛኞቻችን የተማርነው እንዲህ በሰው ቤት ላይ ነው።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የእንጀራ ምጣዱን ከነበረው መስመር ላይ ቀጠለልኝ። ሶኬቱ ቀለጠ።

መልስ፦ እቴ፣ ምጣዱን ዛሬውኑ ንቀዪው። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ነው፤ ያውም እንጀራው እስኪያልቅ ለሰዓታት። ለመብራት የተዘረጋ ባለ 1.5 (ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ይህን አይችልም፣ ይግላል፣ ከዚያ ኮርኒሱ ውስጥ እሳት ነው። ምጣድ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና ግራውንድ (ወደ መሬት የሚገባ ሽቦ) ይፈልጋል። ሽቦው ባለ 4 ወይም ባለ 6 ይሁን፣ መሃል ላይ አይቀጠል። ልስን ማበላሸት ገንዘብ ያስወጣል፣ ሽቦ ማበላሸት ግን ሰው ይገድላል። ለሌላው ሥራ ጀማሪ ብትሞክሪም ለዚህ አትሞክሪ።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ በአንድ ወር ያልቃል የተባለው ሦስት ወር ሆነው። ሁልጊዜ በዓል ነው!

መልስ፦ ቁጠሪልኝማ፦ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 ባለ ወልድ። እሑዱን ጨምሪበት፤ ከወሩ ሲሶ በላይ ሄደ። በኅዳር ደግሞ ሠራተኛው ለአጨዳ ወደ አገሩ ይገባል። ይህን አንቺም ታውቂያለሽ፤ ስትዋዋዪ ለምን «አንድ ወር» ሲልሽ አመንሽው? ሲሚንቶ ግን በዓል አያውቅም። ልስኑንም ሊሾውንም ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ አጠጪው፤ እነሱ ሲያከብሩ ባልዲውን አንቺ ያዢ።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ አዲሱ ቆርቆሮ ያፈሳል።

መልስ፦ ጣሪያ ላይ ወጥተህ ምስማሩን እይ። ውሃ በሚወርድበት ሸለቆው ላይ ከተመታ ጥፋቱ እሱ ነው። ምስማር ከፍ ያለው ላይ ነው የሚመታ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ አሸዋው ጥሩ ይሁን አይሁን እንዴት ልለይ?

መልስ፦ በጠርሙስ ግማሽ ድረስ ጨምረህ ውሃ ሙላበትና ናጠው። ሲያድር ከላይ የተኛውን ጭቃ እይ። በወፍራሙ ከተኛ መኪናውን መልሰው።

ጥያቄ (ከዚሁ ከደብረ ማርቆስ)፦ ሠራተኞቹን ምሳና ጠላ ላቅርብላቸው ወይስ ይበላሻሉ?

መልስ፦ ምሳውን አቅርቢ፣ የበላ ሰው ቱምቢ ለመጣል አይሰንፍም። ጠላውን ግን ከመሰላል ከወረዱ በኋላ።