ፎቶ ከማንሳትህ በፊት የጥገናውን ሰው ፈልግ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አሁን ነው ያየሁት። ባሕር ዳር ውስጥ ሕዝብ በሚገባባቸው ሕንጻዎች ያሉትን የእሳት ማንቂያዎች፣ ደወሉን፣ ጣሪያ ላይ ሆኖ ጭስ ወይም ሙቀት የሚለየውን ዲቴክተር፣ ሰው እሳት ሲያይ የሚጫነውን የግድግዳ ቀይ ሳጥን እየዞርኩ ፎቶ ማንሳት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር፣ ሰዉስ ምን ይለኛል ብለሃል። አንዳንዶቹ «ዝም ብለህ ግባና አንሳ፣ ማን ይከለክልሃል» ብለው መልሰውልሃል። አትስማቸው። እነሱ ላይ አልደረሰም። እኔ ላይ ደርሷል፣ አንተ ላይ እንዲደገም አልፈልግም።

ፋየር አላርም ምን እንደሆነ አላስረዳህም፣ ይህን የጠየቀ ሰው ያውቀዋል። ሌላው ሰው ሆቴል ሲገባ ሜኑ ያነሳል፣ እኔና አንተ ጣሪያ እናያለን። ጓደኞችህ «ደግሞ ምን ታያለህ?» እያሉ ሳያሰለቹህ አልቀሩም። እኔም ቤት ውስጥ ሥራ ፈት ተብያለሁ። ሥራ ፈቶች አይደለንም። አሜሪካና እንግሊዝ አገር አሮጌ ደወልና ፓኔል (ዲቴክተሩና ደወሉ የሚገናኙበትን መቆጣጠሪያ ሳጥን) ገዝቶ፣ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ እያስጮኸ ቪዲዮ የሚቀርጽ ስንት ሰው አለ። እኛ ጋ ገና አልተለመደም። ስለዚህ ዕቃውን ማግኘት አይቸግርህም፣ የሚቸግርህ ሰዉ ነው።

1. ከጥበቃው አትጀምር፣ ከሥራ አስኪያጁም አትጀምር። የጥገናውን ሰው ፈልግ። ጥበቃው ቢፈቅድልህ ነገ የሚጠየቀው እሱ ነው፣ ስለዚህ «አይቻልም» ማለት ይቀለዋል፣ አልፈርድበትም። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ፓኔሉ የት እንደተሰቀለ እንኳ ላያውቅ ይችላል፣ ስትጠይቀው ጉድለት ልታወጣበት የመጣህ ይመስለዋል። ኤሌክትሪሻኑ ግን ስንት ዓመት መሰላል ተሸክሞ ሲወጣና ሲወርድ «ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?» ብሎ የጠየቀው የለም። «ጋሼ፣ ይሄ ኮንቬንሽናል ነው ወይስ አድሬሰብል?» በለውና ፊቱን እየው። ኮንቬንሽናሉ እሳቱ ያለበትን አካባቢ ብቻ ነው የሚጠቁመው፣ አድሬሰብሉ ግን የትኛው ዲቴክተር እንደሆነ ለይቶ ይናገራል።

ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች ባንዱ እንዲህ ያለ ሰው አግኝቻለሁ። ማኪያቶዬን ትቼ ቀና ብዬ ሳይ አይቶኝ እሱ ራሱ ነው የመጣው። «ልጄ፣ ጣሪያ ላይ ምን ጠፋብህ?» አለኝ። ነገርኩት። ሳቀ፣ ከዚያ ከሪሴፕሽኑ ጀርባ ወስዶ ፓኔሉን አሳየኝ። አረንጓዴዋ መብራት በርታለች፣ ቢጫዋም በርታለች። አረንጓዴዋ ኃይል አለ ማለት ናት፣ ቢጫዋ ግን ብልሽት አለ ማለት ናት። «ቢጫዋ ከመቼ ጀምሮ ነው የበራችው?» አልኩት። «እኔ ስቀጠርም ነበረች» አለኝ። ሁሉም እንደዚያ መሆን ያለባት መስሏቸው ኖሯል፣ ጢጥ ጢጥ የሚለውን ድምፅ ብቻ እየዘጉ ኖረዋል።

ሳጥኑን ከፈተው። ሁለት 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጣሉ፣ ያንን ታውቃለህ። አንደኛው ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ ተሰንጥቋል፣ ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት አውጥቷል። የእንግሊዞቹም የአሜሪካኖቹም ደረጃ በጥቅሉ መብራት ቢጠፋ ባትሪው ሲስተሙን 24 ሰዓት ጠብቆ አቆይቶ፣ ከዚያም በላይ ደወሉን የሚያስጮህ ጉልበት ሊተርፈው ይገባል ይላል። የእኛን ከተማ መብራት ታውቀዋለህ፣ ሲጠፋ ሲመጣ ነው የሚውለው፣ ባትሪ ደግሞ እንዲህ ሲሆን ቶሎ ያረጃል። ያ ሆቴል መብራት በጠፋ ቁጥር እንግዳው ሁሉ ያለ ጠባቂ ነበር የሚተኛው። ጋሼ ለአለቆቹ ነግሮ ሁለቱንም ባትሪ አስቀየረ። ቢጫዋ ስትጠፋ አጠገቧ ቆሜ ነበር፣ እስካሁን ስናገራት ደስ ይለኛል። በእድሳት ጊዜ የተነቀለ ቀይ ደወልም ስቶር ውስጥ ነበረው፣ አለቃውን አስፈቅዶ ሰጠኝ። አሁን መኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው።

2. የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስትገባ ስልክህ ላይ የምትሳሳለት ፎቶ አይኑር። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህችን አትርሳ።

የቢሮውን ስም አልጠራም። ለራሴ ጉዳይ ሄጄ ወረፋ እየጠበቅሁ ነበር። ኮሪደሩ አዲስ ነው፣ ቀለሙ ያብለጨልጫል። ቀና ስል ከዳር እስከ ዳር ዲቴክተር ተሰቅሏል። ግሩም ነው አልኩ። ጠጋ ብዬ ሳይ ሁሉም ብርቱካናማ የፕላስቲክ ክዳናቸውን እንደለበሱ ናቸው። ያ ክዳን ሕንጻው ሲለሰንና ሲቀባ አቧራ እንዳይገባባቸው የሚደረግ ነው፣ ሥራው ሲያልቅ መውለቅ አለበት። ካልወለቀ ጭስ አይገባም። ሰው ሥራ ጨርሶ ሄዷል፣ ሌላው መጥቶ ተረክቧል፣ ማኅተም ተመትቷል፣ ማንም ቀና ብሎ አላየም። ከሥር ደግሞ ሰው ጢም ብሎ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ስልኬን አውጥቼ አንዱን አነሳሁ። ጥበቃው «ማን ፈቅዶልህ ነው?» አለ። ገና ስመልስ ሌላ መጣ፣ ስልኬን ተቀበሉኝ፣ ወረፋዬ አለፈ። ላይ ወዳለው ኃላፊ ወሰዱኝ። ሰውዬው ተቀመጥ እንኳ አላለኝም። «ጌታዬ፣ ጣሪያው ላይ ያለው ክዳን መነሳት ነበረበት፣ እሳት ቢነሳ አይሠራም» ብዬ ማስረዳት ስጀምር «አንተ ነህ ለእኛ የምትነግረን?» አለኝ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፣ ሙያዬ ነው አልኩት። «ለማን ነው ያነሳኸው?» አለ። ለራሴ። «ለራስህ ጣሪያ ምን ያደርግልሃል?»

ያቺን አንድ ፎቶ ብቻ ቢሰርዝ ምንም አልልም ነበር። ጋለሪዬን እያንሸራተተ ደወል፣ ፓኔል፣ ቀይ ሳጥን ያለበትን ሁሉ እየመረጠ አጠፋው። የጋሼን ሆቴል ባትሪ፣ ጎንደር ሄጄ ያነሳሁትን፣ ቆራሌው ቤት ያገኘሁትን አሮጌ ሳጥን። ከዚያ የተሰረዙት የሚከማቹበት ገብቶ ከዚያም ጠረጋቸው። ያነሳሁት የማንም ፊት አይደለም፣ ሰነድ አይደለም፣ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት ኮሪደር ጣሪያ ነው። ጥፋት አልሠራሁም፣ ዛሬም አልሠራሁም እላለሁ። በማግስቱ ስለ ክዳኑ ማመልከቻ ጽፌ በመዝገብ ቤት በኩል አስገባሁ። መልስ የለም። ሰሞኑን ለሌላ ጉዳይ ስገባ ቀና ብዬ አየሁ፣ ክዳኑ እዚያው ነው። ለፎቶዎቼ ከተናደድኩት በላይ ይሄ ያናድደኛል።

ስለዚህ ከመግባትህ በፊት ፎቶዎችህን ቴሌግራም ላይ ለራስህ ላክ ወይም ድራይቭ ላይ ጫን። ባንክ፣ ፍርድ ቤት፣ ኤርፖርት፣ ፖሊስ አካባቢ ስልክህን ጨርሶ አታውጣ፣ በዓይንህ አይተህ ውጭ ስትወጣ ደብተር ላይ ጻፍ። እኔ አሁን አብዛኛውን በእርሳስ ነው የምስለው፣ እርሳስ ማንም አይቀማህም። ፖሊ ወይም ፔዳ፣ ማለትም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተማሪ ከሆንክ ደግሞ ከዲፓርትመንትህ ደብዳቤ አጽፍ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ስታሳይ ያው ጥበቃ ወንበር ያመጣልሃል። ፖሊ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየቶች ድጋፍ የተቋቋመ ስለሆነ የዚያን ዘመን ዕቃ አገኛለሁ ብለህ ትጓጓ ይሆናል። ሕንጻው ስላረጀ ደወሉም አሮጌ ነው ብለህ አታስብ። ብዙ ቦታ ማንቂያው የሚገባው ሕንጻው ሲታደስ ነው።

3. ቀና ስትል ምን እንደምታይ ደግሞ ልንገርህ። «ብልጭ የማይል ዲቴክተር ሞቷል» ብሎ የጻፈልህ ሰው ተሳስቷል። አድሬሰብል ከሆነ ብዙዎቹ ፓኔሉ ሲጠራቸው ብልጭ ይላሉ። ኮንቬንሽናሉ ግን ዓይነቱ ይለያያል፣ ደህና ሆኖ ምንም የማይል አለ። መብራቱ ቀይ ሆኖ ሳይጠፋ ከቆመ ያኔ ዲቴክተሩ አንድ ነገር አግኝቷል ማለት ነው። የፋብሪካውን ስም ጎኑ ላይ ታገኘዋለህ፣ ሆቺኪ የጃፓን ነው፣ በፈረንጆቹ 1918 የተመሠረተ፣ አፖሎ የእንግሊዝ፣ ሲምፕሌክስ የአሜሪካ።

ሐይቅ ዳር ስለሆንን የእኛ ከተማ የራሱ ጣጣ አለው። ማታ መብራት ሲበራ የሚሰበሰበውን ጥቃቅን ነፍሳት ታውቀዋለህ። በብርሃን የሚሠራው ዲቴክተር ውስጥ ጨለማ ክፍል አለ። ብርሃን የሚልከውና የሚቀበለው ፊት ለፊት አይተያዩም፣ ጭስ ሲገባ ብርሃኑ ተበትኖ ተቀባዩ ላይ ያርፋል፣ ፓኔሉም ይጮኻል። ወንፊት አለው፣ ግን በጣም ትንሿ ነፍሳት ታልፋለች፣ እሷም ብርሃን ትበትናለች። አቧራም እንደዚያው። ሌሊት በከንቱ ሲጮህባቸው ሆቴሎቹ ምን ያደርጋሉ? ይነቅሉታል። ባዶ መቀመጫ ብቻ የቀረበት ጣሪያ ካየህ ታሪኩ ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው። መጽዳት ነበረበት እንጂ መነቀል አልነበረበትም።

ሌላው ቡና ነው። ሎቢ ውስጥ ረከቦት ዘርግተው፣ ዕጣን አጭሰው፣ ቡና የሚቆሉት ብዙ ጊዜ ልክ ከዲቴክተሩ ሥር ነው። ጋሼ ይሄን ስነግረው ግንባሩን ይዞ ሳቀ፣ ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጮኸው በዚህ ኖሯል። የቡናውን ጥግ ወደ በረንዳ አወጡት፣ ለእንግዳውም ሐይቁን እያየ መጠጣት ተሻለው። ማዕድ ቤት ውስጥ ግን ጭስ የሚያየው ሳይሆን ሙቀት የሚለካው ነው መሰቀል ያለበት። 57 ዲግሪ ሲደርስ የሚጮኸው የተለመደ ነው፣ ሽንኩርት ቢያር አይደነግጥም።

ቆራሌው ጋ አሮጌ ዲቴክተር ብታገኝ ከመግዛትህ በፊት ገልብጠህ እየው። የጨረር ምልክት ካለበት ውስጡ አሜሪሲየም 241 የሚባል ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር በትንሹ አለ። እንደተዘጋ ጉዳት የለውም፣ ግን አትፍታው፣ አትስበረው፣ ልጆች ያሉበት ቤትም አታስገባው። እኔ ትቼው ነው የመጣሁት፣ ቆራሌውንም እንዳይቀጠቅጠው ነግሬዋለሁ።

ቀይ ሳጥኑን ደግሞ ለመሞከር ብለህ እንዳትነካ። አንድ ልጅ ለቪዲዮ ብሎ ተጭኖት ሰው ደረጃ ላይ ሲጋፋ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነው ለሁላችንም በሩን የሚያዘጋብን። ሲጮህ መስማት ከፈለግህ የጥገናው ሰው የሚፈትሽበትን ቀን ጠይቀህ ያን ቀን ተገኝ፣ ሳጥኑ ውስጥ በሚያስገቡት የመሞከሪያ መክፈቻ ነው የሚሞክሩት፣ መስታወቱም አይሰበርም።

በል፣ ሐይቅ ዳሩ ካሉት ሆቴሎች ጀምር። ቁርስ ካለፈ በኋላ ረፈድ ሲል ሂድ፣ ያኔ የጥገናዎቹ ሰዎች ጊዜ አላቸው። ሻይ ጋብዛቸው። እስካሁን እዚህ ከተማ ያየሁት ቀይ ሳጥን ሁሉ መሐሉን በጣት የሚጫኑት ዓይነት ነው። እጀታውን ወደ ታች የሚጎትቱት የአሜሪካው ዓይነት ካጋጠመህ የትኛው ሕንጻ እንደሆነና ላዩ ላይ የተጻፈውን ሞዴል ጻፍልኝ፣ አስፈቅጄ ሄጄ አየዋለሁ።