«መንግሥት ወደቀ» ስንል የወደቀው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኦስሎ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ማዕከል ፓርቲ ከካቢኔው ሲወጣ፣ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ በስልክ «እዚህ መንግሥት ወደቀ» አልኳት። ክው ብላ «ልጆቹን ይዘሽ ነይ!» አለችኝ። ምን ማለት ነበረብኝ? ደግሞ ልጄ «ቬንስትሬ በአማርኛ ግራ ፓርቲ ነው ወይ?» እያለ ይጠይቀኛል።

መልስ፦ እናትዎ የደነገጡት አማርኛውን በደንብ ስለሰሙት ነው። «መንግሥት» የመጣው «ነገሠ» ከሚለው ግስ ነው። ንግሥናውን፣ ግዛቱን፣ አገር የሚያስተዳድሩትን ሰዎች፣ ሁሉንም በዚህ አንድ ቃል እንጠራለን። በእናትዎ ዕድሜ ያለ ሰው ደግሞ መንግሥት ሲወድቅ በዓይኑ አይቷል። 1967 እና 1983 ዓ.ም. ለእሱ የመጽሐፍ ታሪክ አይደሉም።

ኖርዌይኛ ግን ሁለት ቃል አለው። አገሩን ከነሕጉ፣ ከነፍርድ ቤቱ፣ ከነጦሩ «ስታት» ይለዋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩና ሚኒስትሮቹ «ሬዬሪንግ» ናቸው። ሬዬሪንጉ ዛሬ ቢለቅ ስታቱ ንቅንቅ አይልም። ጡረታው ይከፈላል፣ ባቡሩም ይሄዳል።

ይህ ልዩነት ለኛም እንግዳ አይደለም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ከነሚኒስትሮቻቸው ሲለቁ፣ የለቀቀው «የአክሊሉ ካቢኔ» ነው። ቀጥሎ «የእንዳልካቸው ካቢኔ» መጣ። «መንግሥት ወደቀ» የምንለው ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ስለወረዱበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ለሬዬሪንግ ከሁሉም የሚቀርበው ቃል «ካቢኔ» ነው እላለሁ። የባዕድ ቃል ነው ብለው አይሸሹት፤ ከኛ ጋር ኖሯል።

ይህን ቃል ካልያዙ የኖርዌይን ታሪክ በአማርኛ ማውራት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1928 የሠራተኛ ፓርቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥልጣን ያዘ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስቶፈር ሆርንስሩድ የቆዩት 18 ቀን ነው። «የ18 ቀን መንግሥት» ብንል አገር የተናወጠ ይመስላል። «የ18 ቀን ካቢኔ» ስንል ግን ነገሩ በልኩ ይቀመጣል። በ1963ም እንዲሁ ነው። በስቫልባርድ የኪንግስ ቤይ ከሰል ማዕድን 21 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ ፓርላማው በአይናር ጌርሃርድሰን ካቢኔ ላይ እምነት የለኝም ብሎ ድምፅ ሰጠ። ዮን ሊንግ ተተኩ፤ እሳቸውም አራት ሳምንት ቆይተው ወረዱ፣ ጌርሃርድሰን ተመለሱ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የፓርላማ ምርጫ አልተካሄደም። የኖርዌይ ፓርላማ ጊዜው ሳይደርስ አይበተንም። ዛሬ 169 አባላት አሉት፤ አራት ዓመታቸውን ይጨርሳሉ። የሚቀያየረው የፓርቲዎቹ አሰላለፍ ነው።

«መንግሥት» የሚለው ቃል በትክክል የሚገባበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1945 ጀርመኖች አገሩን ሲይዙ፣ የኒጎርድስቮል ካቢኔ ከንጉሥ ሆኮን ጋር ለንደን ተሰደደ። ያኔ አገሩን በሙሉ የወከለው እሱ ስለነበር «የስደት መንግሥት» ማለት ያስኬዳል።

ግሱንም እንመልከት። ኖርዌዮች ካቢኔ ሲለቅ «ጎ አቭ» ይላሉ። ከአውቶቡስ ሲወርዱም ይህንኑ ነው የሚሉት። አማርኛም ከአውቶቡስ «ወረደ»፣ ከሥልጣን «ወረደ» ይላል። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ እዚህ ቃል ላይ መገናኘታቸው ሁሌም ደስ ይለኛል። «መውደቅ»ን ለከባዱ ቀን እናቆየው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከግማሽ በታች መቀመጫ ይዞ የሚመራውን «አናሳ መንግሥት» የሚሉ አሉ። «አናሳ» በኛ ዘንድ የብሔር ጉዳይ ያስታውሳል። «አብላጫ የሌለው ካቢኔ» ቢባል ይሻላል።

ወደ ልጅዎ ጥያቄ ስንመጣ፣ «ቬንስትሬ» በቀጥታ ሲፈታ አዎ፣ ግራ ነው። ፓርቲው እ.ኤ.አ. በ1884 ሲቋቋም የንጉሡን ሹማምንት ይቃወም ስለነበር በጊዜው ግራ ነበር። በዚያው ዓመት መሪው ዮሃን ስቨርድሩፕ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በ1887 ግን ሠራተኛ ፓርቲ ተቋቁሞ ከሱ በስተግራ ቆመ። ቬንስትሬ ስሙ እንዳለ ሆኖ መሐል ቀረ። የሆርንስሩድን ካቢኔ በ18 ቀኑ ያስወረደውም ቬንስትሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በ«ሆይሬ» መሪ በኤርና ሶልበርግ ካቢኔ ውስጥ ገባ። ሆይሬ ማለት ቀኝ ነው። «ግራ ፓርቲ ከቀኝ ፓርቲ ጋር ተጣመረ» ብለን ብንጽፍ አንባቢው «ግራ ገባኝ» ይላል፤ እውነትም አለው። በዚያ ላይ ግራና ቀኝ በአማርኛ እኩል አይደሉም። «ቀኝ አውለኝ» ብለን እንጸልያለን፣ ቀኛዝማችም ከግራዝማች ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ ስሙ ፓርቲውን ሲገልጸው ይተርጉሙት፤ ሠራተኛ ፓርቲ፣ ማዕከል ፓርቲ ይበሉ። ሲያሳስት እንዳለ ይተዉት፦ «ሊበራሉ ቬንስትሬ»። ልጅዎ ቃሉን በትክክል ፈትቶታል፤ ይህን ይንገሩት።

በጃንዋሪ 2025 የሆነው ደግሞ መውረድ እንኳን አልነበረም። ዮናስ ጋህር ስቶሬ ጠቅላይ ሚኒስትር እንደሆኑ ቀጥለዋል፤ የሄዱትን ሚኒስትሮች በሌሎች ተኩ። ለእናትዎ እንዲህ ይበሏቸው፦ «እማዬ፣ ሁለት ፓርቲዎች አብረው ይሠሩ ነበር፤ አንዱ ጥሎ ወጣ። ጥምረቱ ነው የፈረሰው።»