የደብዳቤ ዘመዶች

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ሳለ የእህቴ ልጅ ስልኩን ሰጠኝ። «አፈትልኮ የወጣ ደብዳቤ ነው፤ ይኸው ማህተሙ!» ዓይኔ ያረፈው ግን ቀኑ ላይ ነው፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2014 ዓ.ም.። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ ነው። በ2015 ስድስት ነበረች፤ በ2014 ግን አምስት። በሌለ ቀን የተፈረመ ደብዳቤ!

ሁሉም እንዲህ ቢቀል ጥሩ ነበር። እኔ መዝገብ ቤት ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ማህተምና ቲተር (የፈራሚው ስምና ኃላፊነት የሚታተምበት) ከእውነተኛ ደብዳቤ ላይ ተቆርጦ ይለጠፋል፤ ዘመድ ግን አይለጠፍም። ደብዳቤ ዘመድ አለው። ወጪ ሲሆን መዝገብ ላይ ቁጥር ያገኛል፤ ቀሪ ቅጂው ፋይል ውስጥ ይታሰራል፤ የተቀበለው መሥሪያ ቤት ገቢ ብሎ ይመዘግበዋል። ቁጥሩ 412 ከሆነ 411 እና 413 መቼ ወጡ? መዝገቡን ማየት ባትችሉ እንኳ ከግርጌ «ግልባጭ» የተባለውን አንብቡና ደርሷችኋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አስመሳይ ብዙ ጊዜ የሚሰንፈው እዚያ ነው።

ወረቀቱ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ዘመኑን መርምሩ። በ1965 ተጻፈ የተባለ ደብዳቤ ራስጌው ላይ «የጎጃም ክፍለ ሀገር» ካለ አትመኑት፤ ያኔ ጎጃም ጠቅላይ ግዛት ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. ሽተርን የተባለው የጀርመን መጽሔት የሂትለርን የዕለት ማስታወሻዎች አገኘሁ ብሎ ዓለምን ካስደነቀ በኋላ፣ በወረቀቱ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ማንጫ ኬሚካል ተገኘበት። መጽሔቱ ብዙ ገንዘብ ከፍሎበት ነበር፤ እውነት እንዲሆንለትም በጣም ይፈልግ ነበር።

በመጽሔቱ አልስቅበትም። እኔም አንድ ጊዜ የማልወደው አለቃዬ ከኃላፊነት ተነሣ የሚል ወረቀት እጄ ገባ። ዕድሜዬን ሙሉ ቁጥር ስመዘግብ የኖርኩ ሰው፣ ቁጥር እንደሌለው ሳላይ ለሦስት ባልደረቦቼ በደስታ አነበብኩላቸው። አለቃዬ በማግስቱ እንደወትሮው ቀድሞኝ ቢሮ ገብቶ ነበር። በሌላ ጊዜ ደግሞ «ጉዳዩ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ስለተጻፈበት ሐሰተኛ ነው ብዬ የጣልኩት ደብዳቤ፣ የራሳችን ታይፒስት በችኮላ የመታችው እውነተኛ ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ።

የእህቴ ልጅ ግን አልተረታም። «የተጻፈው ነገር እኮ እውነት ሊሆን ይችላል» አለኝ። ሊሆን ይችላል፤ ምስክሩ ግን ይህ ወረቀት አይሆንም፣ ሌላ ፈልግለት አልኩት። ቅር ብሎት ስልኩን ኪሱ ከተተው።