ከሃውዚንግ ቤኔፊት ላይ ሲቆረጥ፦ መጀመሪያ ዕዳውን ራሱን አጣሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ካውንስሉ (የአካባቢሽ አስተዳደር) «ትርፍ ከፍለንሻል» ብሎ በየሳምንቱ ከሃውዚንግ ቤኔፊትሽ፣ ማለትም ገቢሽን አይተው ከሚሰጡሽ የኪራይ ድጎማ፣ መቁረጥ ጀምሯል። የቀረው ኪራዩን አልሞላ ብሎሻል። እኔም ለንደን ውስጥ፣ በጊዜያዊ ቤት እየኖርኩ፣ የኬር (የእንክብካቤ) ሥራ ሰዓቴ ከፍ ዝቅ ሲል በዚሁ አልፌያለሁ። የጠቀመኝን ልንገርሽ።

ብዙ ሰው ደብዳቤው ሲደርሰው ወዲያው «ትንሽ ትንሽ ቁረጡብኝ» ብሎ ይለምናል። እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ዕዳው ትክክል መሆኑን አጣሪ። የእኔ ደብዳቤ ላይ ጎልቶ የሚታየው ድምሩ ነበር። እንዴት እንደደረሱበት የሚያሳየውን ዝርዝር ስሌት በጽሑፍ ጠየቅኩ። ሲመጣልኝ ከፔይስሊፖቼ (ከደመወዝ ወረቀቶቼ) ጋር ሳምንት በሳምንት አመሳከርኩት። ለካ የዲሴምበር ኦቨርታይሜን እንደ መደበኛ ደመወዜ ቆጥረው እስከ ማርች ወስደውታል! ፌብሩዋሪ ላይ ሰዓቴ በጣም ወርዶ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን ያው የዲሴምበሩ ቁጥር ተቀምጧል። ፔይስሊፖቹን አያይዤ እንደገና ይታይልኝ ብዬ ጻፍኩ። ዕዳው ጨርሶ ባይሰረዝም ደህና ቀነሰ።

እንደገና ይታይልኝ ለማለትም ሆነ ይግባኝ ለመጠየቅ ከውሳኔው ደብዳቤ ቀን ጀምሮ አንድ ወር አለሽ። ካለፈብሽ ምክንያትሽን ጽፈሽ ጠይቂ፤ በቂ ምክንያት ካለሽ ሊቀበሉሽ ይችላሉ። ጉዳዩ እስኪታይ ቆረጣውን እንዲያቆሙም አብረሽ ጻፊ።

ስህተቱ የራሱ የካውንስሉ ከሆነና አንቺ ትርፍ እየተከፈለሽ መሆኑን ልታውቂ የምትችይበት መንገድ ካልነበረ፣ ሕጉ መልሺ እንዲሉሽ አይፈቅድም። ለውጡን ዘግይተሽ ነግረሻቸው ቢሆን እንኳ፣ በእነዚያ ሳምንታት በእውነተኛ ገቢሽ ይገባሽ የነበረውን አስልተው ከዕዳው ላይ መቀነስ አለባቸው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ለእኔም የነገሩኝ ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የምክር ድርጅት ሰዎች ናቸው። ምክሩ በነፃ ነው፤ እንግሊዝኛው ከከበደሽ አስተርጓሚ ጠይቂ።

የቀረው ዕዳ ትክክል ከሆነ ያኔ ስለ ሳምንታዊው ቆረጣ ተነጋገሪ። በሕግ ጣሪያ አለው፤ ካውንስሉ ግን ከዚያም ዝቅ ማድረግ ይችላል። ገቢና ወጪሽን በዝርዝር ጽፈሽ፣ የባንክ ስቴትመንት አያይዘሽ «በዚህ አልኖርም» በያቸው። አንድ ነገር ልብ በይ። ለአገር ቤት የምንልከው ገንዘብ ለእኛ ግዴታ ነው፤ እነሱ ግን እንደ አስፈላጊ ወጪ ላይቆጥሩት ይችላሉ። ስለዚህ ክርክርሽ በምግብ፣ በመብራትና ጋዝ፣ በልጆችና በትራንስፖርት ወጪ ላይ ይቁም።

እስከዚያው ግን ኪራዩን አታጓድዪ። ከቤኔፊቱ የተቆረጠውን አከራይሽ የሚያየው እንደ ውዝፍ ኪራይ ነው፤ ውዝፍ ደግሞ ቤት ያሳጣል። ከክሬዲት ካርዱም ከሌላውም ዕዳ በፊት ኪራዩ ይከፈል። ካልሞላልሽ ለአከራይሽ ቀድመሽ በኢሜይል አሳውቂ። የካውንስሉን ደብዳቤ ኮፒም አያይዢለት።

ሃውዚንግ ቤኔፊትሽ ቢቆም ዕዳው አብሮ አይቀርም፤ ከዩኒቨርሳል ክሬዲት (መንግሥት ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች ከሚሰጠው ወርሃዊ ድጎማ) ላይ ሊቆርጡት ይችላሉ። እዚያ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ጠቅላላ ቆረጣው በአብዛኛው ከመደበኛው አበል 15 በመቶ እንዳያልፍ ተደርጓል።

ስሌቱ መጥቶ ካልገባሽ ስምና አድራሻሽን ሸፍነሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።